ጡረታ ወጥታችሁ የት ትሄዳላችሁ? እኛ ቤት እንዴት እንደመረጥን

አባቴ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ 28 ዓመት ታክሲ ነድቷል። በነዚህ ሁሉ ዓመታት የሄደበት ሀገር አንድ ብቻ ነው፣ ኢትዮጵያ። እሱም አንዴ ለለቅሶ፣ አንዴ ለሰርግ፣ አንዴ ለአያቴ ተዝካር፣ ሁለቱን ሻንጣ ሰው በላከው ዕቃ ጠቅጥቆ ይሄዳል፣ ሶስቱን ሳምንት ዘመድ ሲጠይቅ ይጨርሳል፣ ከሄደበት የበለጠ ደክሞት ይመለሳል። የብዙዎቻችን ወላጆች ታሪክ ይሄው ነው። ስለዚ ጡረታ ሲወጣ ሰብሰብ ብለን "አባዬ አሁን እንግዲህ የቀረህን ዓለም እናሳይህ፣ የት መሄድ ትፈልጋለህ?" አልነው። ዝም አለ። ኋላ ላይ እንደገባኝ ይሄን ጥያቄ በህይወቱ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ይሄን የምጽፈው ጡረታ ለወጣችሁ፣ ለመውጣት አንድ ሁለት ዓመት ለቀራችሁ፣ ወይ እንደኔ እናት አባታችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ለምታስቡ ነው። እኛ የምንኖረው አሜሪካ ስለሆነ የኢንሹራንሱንና የወረቀቱን ነገር በአሜሪካው ነው የምነግራችሁ፣ አውሮፓ ወይ እስራኤል ወይ አረብ ሀገር ያላችሁ እሱን ብቻ የየሀገራችሁን ጠይቁ፣ አመራረጡ ግን ለሁሉም ያው ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የተሳሳትነውን ልንገራችሁ። እሱ ዝም ሲል እኛ መረጥንለት። ኦንላይን ርካሽ ፓኬጅ አገኘን፣ በ9 ቀን 5 የአውሮፓ ሀገር በአውቶብስ። ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ አምስተርዳም እያሉ መቁጠሩ ደስ ይላል። ግን በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ሻንጣ ማውረድ ነው፣ እማዬ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል፣ 9ኙ ቀን አውቶብስ ላይ ስትወጣና ስትወርድ ነው ያለቀው። ኤፍል ታወር ስር 40 ደቂቃ ተሰጠን፣ ከሱ ላይ 25ቱ ሽንት ቤት ወረፋ በላው። ተመልሰን ፎቶውን ስናይ የቱ የት እንደሆነ መለየት አቃታት። አስጎብኚዎቹ የሸጡልንን ነው የሰጡን፣ እኛ ነን ማንንም ሳንጠይቅ የገዛነው።

ከዛ በኋላ የገባኝ፣ ምኞት "የት መሄድ ትፈልጋለህ" ተብሎ ሲጠየቅ አይወጣም፣ በተለይ ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሲኖር ከኖረ ሰው። ዞር ብሎ ነው መጠየቅ። ቡና ተፈልቶ ሁሉም ዘና ባለበት ሰዓት፣ ልጅ ሆነህ ግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለው ካላንደር ምን ስዕል ነበረው በሉት። በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ስሙን ሰምተህ እስካሁን ያልረሳኸው ከተማ የትኛው ነው፣ ከሰፈር መጀመሪያ ውጭ ሄዶ የተመለሰው ሰው ማን ነበር፣ ምን አወራላችሁ፣ በሬዲዮ ምን ሰማችሁ። ለራሳችሁ ከሆነም እንደዚሁ ራሳችሁን ጠይቁ። አንድ ደብተር ይዛችሁ የመጣውን ሁሉ ጻፉ፣ ውድ ነው ሩቅ ነው አይቻልም ሳትሉ ዝም ብላችሁ ጻፉ፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ስጡት። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ለየብቻ ጻፉና በኋላ አወዳድሩት፣ ለየብቻ ካልሆነ አንዱ የሌላውን ሀሳብ አይቶ "እኔም እዛው" ይላል፣ የኛ ሰው ደግሞ ለይሉኝታ ማን ይችለዋል።

አባዬ ሶስተኛው ቀን ላይ ተነፈሰ። ልጅ ሆኖ፣ 10 ዓመቱ ነው፣ ጎረቤት ሬዲዮ ስር ተሰብስበው አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማሸነፉን የሰሙበትን ቀን አወራን። ከዛ አበበ ሮም ላይ የሮጠውን ማራቶን አነሳ። ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ ነው ብለን ነበር፣ እሱ ግን መንገድ በመንገድ ነው የሚያውቀው፣ 28 ዓመት ታክሲ ውስጥ ደንበኛ ሲጠብቅ ሲያነብ ኖሯል ለካ። ሴፕቴምበር 10 1960፣ ካምፒዶሊዮ ጋ ተጀምሮ በአፒያ መንገድ ዞሮ ማታ ኮሎሲየም አጠገብ ኮንስታንቲን ቅስት ስር ነው ያለቀው፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን እያበሩ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በባዶ እግሩ። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አብሮት የነበረውን ሞሮኳዊ ጥሎት የወጣው ደግሞ የአክሱም ሐውልት ጋ ሲደርስ ነው። ጣልያኖች በ1937 ወስደው ሮም ላይ ያቆሙት ያው ሐውልት ማለት ነው።

ስለዚ ሮም ሄድን። አውቶብስ የለም፣ አምስት ከተማ የለም፣ ሮም ብቻ፣ 6 ሌሊት። ሐውልቱ አሁን እዛ የለም፣ በ2005 በሶስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ቆሟል። የነበረበት ቦታ ፖርታ ካፔና ይባላል፣ አጠገቡ ያለው ትልቁ ህንጻ የፋኦ፣ የተባበሩት መንግስታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ዋና መስሪያ ቤት ነው፣ ሲታቀድ ግን ለጣልያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረ ነው። አባዬ እዛ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ከዛ እስከ ቅስቱ ያለው መንገድ፣ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ፣ ሰው በ10 ደቂቃ ይሄደዋል፣ እኛ 25 ደቂቃ ፈጀብን፣ ሶስት ጊዜ አረፍ አለ፣ ሶስቴም "ተነሱ እንቀጥል" ያለው እሱ ነው። ቅስቱ ስር ሲደርስ ሰዓቱን አየ። ምንም አላለም፣ ሰዓቱን ብቻ አየ። ቫቲካንንም ትሬቪንም አይተናል ግን እስካሁን የሚያወራው ያቺን 25 ደቂቃ ነው።

ለናንተ አበበ ላይሆን ይችላል። አንዱ በደርግ ጊዜ በስኮላርሺፕ ሩስያ የተማረ ነው፣ አንዱ ልጅ ሆኖ ኩባ የሄደ ነው (የአሜሪካ ነዋሪ ከሆናችሁ ኩባ ለመዝናናት ብቻ ተብሎ አይኬድም፣ ከተፈቀዱት 12 ምድቦች በአንዱ መግባት አለበት፣ አስቀድማችሁ አንብቡ)፣ አንዷ በስደት ሱዳን ወይ ግሪክ የቆየች ናት፣ አንዷ ደግሞ በቃ በረዶ የለበሰ ተራራ ካላንደር ላይ አይታ 50 ዓመት ስታስበው የኖረች ናት። ደብተራችሁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካለ "ማየት ያለባችሁ 10 ቦታዎች" የሚለውን ቪዲዮ ሁሉ ተዉት።

አሁን ከ6 እስከ 10 የሚሆን ቦታ ጽፋችኋል እንበል። የቱን እናስቀድም? ብዙ ሰው በጣም የሚወደውን ለመጨረሻ ያስቀምጣል፣ ወይ ከርካሹ ይጀምራል። እኔ የምላችሁ በጉልበት ነው የሚደረደረው። ፀሐይ ሳለ ሩጥ አባት ሳለ አጊጥ ይባል የለ፣ እግር የሚጠይቀው ቦታ ይቅደም፣ ተቀምጠው የሚያዩት ይቆይ፣ 68 ዓመት ላይ የወጣችሁትን ደረጃ 78 ላይ ላትወጡት ትችላላችሁ፣ ጀልባ ላይ ወንበር ይዞ ማየት ግን 80ም ላይ ይቻላል። እየሩሳሌም አሮጌው ከተማ ደረጃና ድንጋይ ነው፣ ጎልጎታ የሚወጣበት ደረጃ ራሱ ቀጥ ያለ ነው፣ ዮርዳኖስ ያለው ፔትራ በእግር ብዙ ያስኬዳል፣ ሊዝበን ውብ ናት ግን ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ የእግረኛ መንገዷ ደግሞ በነጭ ጠጠር የተነጠፈ ስለሆነ ዝናብ ሲመታው ያዳልጣል፣ ቬኒስ በየድልድዩ ደረጃ አለው። ላሊበላም ከነዚህ ነው፣ 11ዱም ቤተክርስቲያኖች ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው፣ መውረድ መውጣት ነው፣ እዛ ለመሄድ መጀመሪያ ሰላሙን ማረጋገጥ ግድ ነው። ሮም፣ ካይሮ፣ ኪዮቶ መሀል ላይ ናቸው፣ ታክሲና ባቡር አለ ግን መራመድ አይቀርም። አላስካ በመርከብ፣ የስዊዘርላንድ ባቡሮች፣ ኬፕታውን ያለው ቴብል ማውንቴን (1,085 ሜትር ነው፣ ግን ኬብል ካር ያወጣችኋል፣ ወለሉ ራሱ እየዞረ ዙሪያውን ያሳያችኋል) እነዚህ ጉልበት ለደከመ ሰው ናቸው፣ አይቸኮልባቸውም።

ጉልበታችሁን ደግሞ በግምት አትለኩት። እኛ ዲሲ ከሊንከን ሀውልት ተነስተን እስከ ካፒቶል፣ ሶስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ እያረፍን ሄድን፣ በነጋታውም ደገምነው። ዋናው በነጋታው ነው። አንድ ቀንማ ሁሉም ሰው ይሄዳል፣ በሁለተኛው ቀን ጠዋት እግር ምን ይላል የሚለው ነው ሀገር የሚመርጥላችሁ። እማዬ ሁለተኛው ቀን ላይ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ተቀመጠች፣ በዛው ፔትራን ለሷ ተውናት፣ አልከፋትም፣ እዛ ደርሳ ከምታውቀው እዚህ አወቀችው።

ከፍታ ሌላው ነው። "እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ከፍታ ምን ያረገኛል" የሚል ብዙ አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት እውነት ነው፣ ግን 30 ዓመት ሜሪላንድ ከኖራችሁ ሰውነታችሁ ረስቶታል፣ ቦሌ ወርዳችሁ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደረጃ ስትወጡ የሚያለከልካችሁ ለዛ ነው። ፔሩ ማቹ ፒቹን የምትመኙ ካላችሁ ማቹ ፒቹ ራሱ 2,430 ሜትር ገደማ ነው፣ ችግሩ አውሮፕላኑ የሚያወርዳችሁ ኩስኮ ነው፣ 3,400 ሜትር። የሚያውቁበት ሰዎች ኩስኮ አያድሩም፣ ከኤርፖርት በቀጥታ ዝቅ ወዳለው ሸለቆ ወርደው ሁለት ሶስት ቀን ሰውነታቸውን ካለማመዱ በኋላ ነው የሚመለሱት። የልብ ወይ የሳንባ ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳያስበው።

ሐኪም ካልን እስቲ ስለ ኢንሹራንሱ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው። ሜዲኬር፣ 65 ለሞላው ሰው ያለው የአሜሪካ መንግስት የጤና ኢንሹራንስ፣ ከአሜሪካ ውጭ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይከፍልም። 65 ሞልቶኝ ሜዲኬር ይዣለሁ ብሎ የሚጓዝ ሰው ውጭ ሀገር ሲታመም ያለምንም ኢንሹራንስ ነው ያለው። ሜዲጋፕ (ሜዲኬር የማይከፍለውን የሚሞላው ተጨማሪ ኢንሹራንስ) ካላችሁ ፕላኑን እዩት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤም እና ኤን የሚባሉት ውጭ ሀገር ድንገተኛ ህክምና ሲያጋጥም መጀመሪያ 250 ዶላር ከኪሳችሁ ከከፈላችሁ በኋላ 80 በመቶውን ይሸፍናሉ፣ ጉዞው በጀመረ በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ውስጥ ለተከሰተ ነገር፣ በዕድሜ ልክ እስከ 50,000 ዶላር ብቻ። ታሞ በህክምና አውሮፕላን መመለስ ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሆነ የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙ ኢቫኩዌሽን የሚለው ውስጡ መኖሩን እዩ። ሌላው ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የቆየ በሽታ ያለባችሁ፣ አብዛኛው ኢንሹራንስ እሱን የሚሸፍነው ለጉዞው የመጀመሪያውን ገንዘብ ከከፈላችሁ ከ14 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ከገዛችሁት ነው። ቲኬት ቆርጦ ሶስት ወር ቆይቶ መግዛት ማለት ዋናውን ነገር ማጣት ነው።

መድሀኒታችሁን በየራሱ ጠርሙስ፣ ስማችሁ ያለበት ሌብል እንደተለጠፈበት፣ በእጅ ሻንጣ ያዙ። ክኒን መደርደሪያ ላይ አፍስሶ መሄድ እዚህ ቤት ይመቻል እንጂ ኤርፖርት ላይ አይመችም። ለህመም የሚሰጡ ጠንካራ መድሀኒቶች ደግሞ፣ ትራማዶል፣ ኮዴን ያለበት ነገር፣ ዱባይ ሲገባ አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ጃፓንም በጣም ጥብቅ ነው፣ እዚህ ፋርማሲ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የምትገዙት አንዳንድ የጉንፋን መድሀኒት ሳይቀር እዛ ሊከለከል ይችላል። ከሀገሩ ኤምባሲ ድረ ገጽ ላይ ቼክ ማድረግ ነው።

የወረቀት ነገር ባጭሩ። ኤስ ኤስ አይ፣ ገቢው አነስተኛ ለሆነ አዛውንትና አካል ጉዳተኛ የሚሰጠውን የመንግስት ድጎማ፣ የምታገኙ ሰዎች ከአሜሪካ 30 ቀን ተከታታይ ከወጣችሁ ክፍያው ይቆማል፣ ይሄን ሳያውቁ ሁለት ወር አዲስ አበባ ተቀምጠው የመጡ አሮጊት አውቃለሁ፣ ለማስመለስ የተንከራተቱት መንከራተት ልብ ይሰብራል። ሰርታችሁ የምታገኙት የጡረታ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ግን ከዚህ ይለያል፣ የአሜሪካ ዜጋ ከሆናችሁ አብዛኛው ሀገር ይከተላችኋል። ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ ከ6 ወር በላይ መቆየት ዜግነት ስትጠይቁ ችግር ያመጣል፣ ዓመት ካለፈማ ግሪን ካርዱ ራሱ አደጋ ላይ ነው። ግሪን ካርድ ሼንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ ሀገሮች) አያስገባም፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ቪዛ ያስፈልጋችኋል፣ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የህክምና ኢንሹራንስም ይጠይቃል፣ ቀጠሮ ለማግኘት ወራት ሊወስድ ስለሚችል ሀገር ስትመርጡ ይሄንንም አስቡበት። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ግን በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው፣ 29ኙም የሼንገን ሀገሮች ተደምረው ማለት ነው እንጂ ለእያንዳንዱ 90 አይደለም።

አሁን ደግሞ ለኛ ብቻ የሚሰራ ዘዴ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ ጡረታ ስትወጡ አዲስ አበባ ሁለት ሶስት ወር መቀመጥ ታስባላችሁ አይደል? ታዲያ አዲስ አበባን መነሻ አርጓት። ከዋሽንግተኑ ዳለስ ኤርፖርት ቦሌ ቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ በረራችሁ፣ ትልቁን መንገድ ጨርሳችኋል ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ካይሮ 4 ሰዓት ገደማ፣ ዛንዚባር ሶስት ሰዓት ገደማ፣ ጆሀንስበርግ አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ። ቤተሰብ ጋ አርፋችሁ፣ ትልቁን ሻንጣ እዛው ትታችሁ፣ ሳምንት ሄዳችሁ መምጣት ነው። ከዋሽንግተን ኬፕታውን ተብሎ ከሚኬደው ለሰውነትም ይቀላል። ትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ፣ የሎው ካርድ የምንለው፣ ካላችሁ የኢትዮጵያ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፣ ስትመላለሱ ይጠቅማችኋል።

ግን እዚህ ላይ ሌላ ቢጫ ካርድ አለ፣ የቢጫ ወባ ክትባቱ። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው ሀገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደቡብ አፍሪካም ሆነ ዛንዚባር ስትገቡ ካርዱን ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፣ አሜሪካን ፓስፖርት ነው የያዝኩት ማለት አያድንም፣ የሚያዩት የመጣችሁበትን ነው። ክትባቱ ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የመጀመሪያው ከሆነ ጠንከር ያለ ጉዳት የማምጣት ዕድሉ ከወጣቱ ከፍ ይላል፣ ስለዚ ከመወጋታችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፣ ክትባቱ ለናንተ አይሆንም ካላችሁ የህክምና ደብዳቤ ሊጽፍላችሁ ይችላል፣ ያ ሀገር ደብዳቤውን መቀበሉን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ድሮ የተከተባችሁ ካላችሁ ካርዱን ፈልጉት፣ ከ2016 ጀምሮ ለዕድሜ ልክ ነው የሚያገለግለው። አባዬ የራሱን ከ30 ዓመት በፊት በመጣበት ፖስታ ውስጥ ነው ያገኘው።

ዊልቸር መጠየቅ ነውር አይደለም። እማዬ መጀመሪያ "እኔ ሽባ ነኝ እንዴ" ብላ ተቆጣች። ኤርፖርት ላይ ከበር እስከ በር ያለው መንገድ ከጉብኝቱ በላይ ያደክማል፣ ጉልበትን ለሄዳችሁበት ነገር ማቆየት ነው፣ ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድማችሁ ለአየር መንገዱ ተናገሩ። በረራው ላይ ኮምፕሬሽን ሶክስ የሚባለውን ጠበቅ ያለ ካልሲ አርጉ፣ በየሰዓቱ ተነስታችሁ ትንሽ ተራመዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ ረጅም በረራ እግር ላይ ደም ያረጋል፣ በዚህ ዕድሜ ላሉ ሁሉ የሚያሰጋ ነገር ነው።

ሆቴል ስትመርጡ ከኮከቡ በፊት ሊፍት አለው ወይ በሉ። አውሮፓ አሮጌ ህንጻ ላይ "አንደኛ ፎቅ" ማለት አሜሪካ ሁለተኛ ፎቅ ማለት ነው፣ ሊፍት ያለው ሆኖም እስከ ሊፍቱ ድረስ 10 ደረጃ ሊኖር ይችላል። ጎግል ማፕ ከፍታችሁ በስትሪት ቪው የሆቴሉን በር፣ መንገዱን፣ ዳገቱን፣ በአቅራቢያ ፋርማሲና ዳቦ ቤት መኖሩን ተራመዱበት። እኔና አባዬ ሮም ሳንሄድ በፊት አንድ ማታ ሙሉ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮን በስልክ ስንሄድባት አመሸን፣ የትኛው ዛፍ ስር መቀመጥ እንደሚቻል ሁሉ አይተን ነው የሄድነው።

ወቅቱን ደግሞ ለሀገሩም ለአጽዋማቱም አስታርቁ። አውሮፓ ኤፕሪል ሜይ፣ ወይ ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር ሙቀቱም ሰዉም ይቀንሳል፣ ጡረተኛ ደግሞ የትምህርት ቤት እረፍት አይጠብቅም፣ ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነው። ላይኛው ግብጽ፣ ሉክሶርና አስዋን፣ በበጋቸው ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሄድ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው። የምትጾሙ ከሆናችሁ ዓቢይ ጾም ላይ ጃፓን መሄድ ከባድ ነው፣ አትክልት የሚመስለው ሾርባ ሁሉ ከዓሳ መረቅ ነው የሚሰራው፣ ግብጽ ግን ለጾመኛ ገነት ናት፣ ፉሉ አለ፣ ኮሸሪ የሚባለው ሩዝ ምስር ፓስታ ሽንኩርት ያለው ምግብ አለ፣ በርካሽ፣ በየመንገዱ። ዑምራ የምታስቡ ሙስሊም ወንድም እህቶች ረመዳን ላይ ምንዳው ትልቅ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ሰዉና የሆቴሉ ዋጋ ግን በዛው ልክ ነው፣ ለእናት አባት ከሆነ ጸጥ ያለ ወር ምረጡ፣ በሰፋና መርዋ መሀል ሰባቱ ጉዞ ብቻ ሲደመር ከሶስት ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ዊልቸር ግን እዛው አለ። እየሩሳሌም ለትንሳኤ መሳለም ለኛ ትልቁ ምኞት ነው፣ ዴር ሱልጣን ላይ ከኛ መነኮሳት ጋር ማደር የማይረሳ ነው፣ ቢሆንም የዛ ሳምንት ግፊያ ለአዛውንት ያስፈራል፣ ሰላሙ መረጋገጡን አይታችሁ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በኋላ ብትሄዱ ቦታው ያው ነው፣ ተረጋግቶ መጸለይም ይቻላል።

የእማዬን ሳልነግራችሁ። እሷ ባህር ዳር ናት ያደገችው። ደብተሯ ላይ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፣ "አባይ የት እንደሚደርስ"። በቃ ሌላ የለም። አስዋን ላይ የሚደርሰው ውሃ ከ80 በመቶ በላዩ ከኛ ተራሮች የወረደ ነው ይባላል፣ እሷ ግን ይሄን ቁጥር አትፈልገውም፣ ልጅ ሆና ልብስ ያጠበችበት ውሃ ሄዶ ሄዶ ምን እንደሚመስል ነው ማየት የፈለገችው። ከሉክሶር እስከ አስዋን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መርከቡ በ3 ወይ በ4 ሌሊት ይሄደዋል፣ ሻንጣ አንዴ ትፈታላችሁ፣ ለጉልበት ታማሚ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። የምታውቁት ቢሆን የሚጠቅማችሁ፣ መርከቦቹ ወደብ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቆሙት፣ ከናንተ መርከብ ለመውጣት የሌሎቹን ሳሎን ሁሉ አቋርጣችሁ፣ መሀል ላይ ጠባብ መሻገሪያ ረግጣችሁ ነው፣ ሰው እጅ እንዲይዛችሁ ጠይቁ። ኤድፉ ላይ ወርዶ ቤተ መቅደሱን ማየት ካልቻላችሁ ተዉት፣ እሷ ያን ቀን አልወረደችም፣ የመርከቡ ላይ ወንበር ይዛ ዳር ዳሩን፣ የተምር ዛፉን፣ ከብት የሚያጠጡትን ሰዎች ስታይ ዋለች። አስዋን ላይ በትንሽ ጀልባ ስንወጣ ጎንበስ ብላ እጇን ውሃው ውስጥ አስገባችና ቆየች። "ቀዝቃዛ ነው" አለች። ከዛ ነጠላዋን አስተካክላ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ካይሮ ደግሞ ስንመለስ አሮጌው ከተማ ያለውን አቡ ሰርጋ ቤተክርስቲያን፣ ቅድስት ቤተሰብ ያረፉበት የሚባለውን፣ ተሳልማለች። አሁን የምትሄዱት ከኛ ትሻላላችሁ፣ ጊዛ ያለው ታላቁ የግብጽ ሙዚየም ኖቬምበር 2025 ላይ በይፋ ተከፍቷል፣ ሊፍትም ማረፊያም አለው። ፒራሚዱ ውስጥ መግባት ግን ጎንበስ ብሎ በጠባብ መንገድ ነው፣ ወገብ ለሚያመው አይሆንም፣ ከውጭ ማየቱ ይበቃል።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፣ ቲኬቱን ሳይሆን የቀኑን ወጪ አስሉ። ጡረተኛ ትርፍ ያለው ጊዜ ነው፣ አንድ ቦታ ቢያንስ 5 ሌሊት ብትቆዩ፣ የመጀመሪያውን ቀን ምንም ሳትይዙለት ብታርፉበት፣ ከአምስት ከተማ ሩጫ ርካሽም ጤናም ነው። ለውጭው ያልደረሰ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ይጀምር፣ 62 ዓመት የሞላው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በ80 ዶላር የናሽናል ፓርክ የዕድሜ ልክ ፓስ ያወጣል፣ ግራንድ ካንየን በሉት የሎስቶን፣ በመኪና ስትገቡ አብረዋችሁ ያሉትንም ያስገባል። ዕድሜ ልክ የሚባል ነገር በዚህ ዋጋ የት ይገኛል።

አሁን ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ከአባዬ በኩል የቀረችው ቶኪዮ ናት። አበበ እዛ ኦክቶበር 21 1964 ነው ያሸነፈው፣ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎ ገና ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ ማራቶንን ሁለት ኦሎምፒክ በተከታታይ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆኖ። የድሮው ስታዲየም ፈርሶ እዛው ቦታ ላይ አዲሱ ተሰርቷል፣ ሩጫው ደርሶ የተመለሰበት ቾፉ የምትባለው ከተማ ደግሞ ከስታዲየሙ በባቡር ይደረስባታል፣ አባዬ ሁለቱንም በስትሪት ቪው ጨርሷቸዋል። በረራው 14 ሰዓት ገደማ ስለሆነ አንድ ሳምንት ሎስ አንጀለስ እህቴ ጋ አርፎ ለመቀጠል ነው የተነጋገርነው፣ በኦክቶበር፣ ያው ሰሞን እንዲሆንለት። 71 ዓመቱ ነው፣ ልቡ ላይ ትንሽ ነገር አይተውበታል፣ ቲኬቱን ገና አልቆረጥንም፣ ሐሙስ የልብ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ አለው፣ የቾፉን መንገድ ፕሪንት አድርጎ ለሐኪሙ ሊያሳየው ኪሱ ውስጥ አስገብቶታል።